አሥር ፓኔል ወይስ ሦስት? የፎገራ ትምህርት ቤት የመብራት ሒሳብ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን አስፋልት ይዛችሁ ስትመጡ፣ ወረታ ከመድረሳችሁ በፊት ሜዳው በግራና በቀኝ ይዘረጋል። ክረምት ላይ ውኃ ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ ሩዝ ነው። ሩዙ ሲነሳ ጓያና ሽምብራ ይዘራል፣ መስኖ የደረሰው ደግሞ ሽንኩርት ይተክላል። ፎገራ እንዲህ ናት፤ መሬቱ ሥራ ፈቶ አያውቅም።

እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ከዚሁ ሜዳ ዳር ነው። ስሙን አልጠራም፤ የእሱ ብቻ ታሪክ ስላልሆነ። ባለፈው ለበዓል ስሄድ ጎራ አልኩ። የኮምፒዩተር ክፍሉ ተቆልፏል። በመስኮት ሳይ ኮምፒዩተሮቹ ልክ እንደ ድሮው በጨርቅ ተሸፍነው ተደርድረዋል። ጥበቃውን ሰላም ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ መብራት የለም እንዴ?»

«ትናንት መጥታ ነበር፣ ሄደች» አሉኝ፣ ስለ እንግዳ እንደሚያወሩ ሁሉ።

ሳቅን። ማታ ግን የአክስቴ ልጅ የነገረችኝ አላሳቀኝም። 11ኛ ክፍል ናት። ኪቦርድ የተማረችው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተስሎላት ነው። «ኤፍ እና ጄ ላይ ጣት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ፤ ነክቼው ግን አላውቅም» አለችኝ። ይህች ልጅ በሚቀጥለው ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና ትቀመጣለች።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚከብደው። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል፤ ከዚያ ወዲህም በኮምፒዩተር የሚፈተነው ቁጥር እየጨመረ ነው። በወረቀት በሚሰጠው ዘመን እንኳ የ2014 ዓ.ም ተፈታኞች ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። አሁን በዚያ ላይ ማውዝ መያዝን ጨምሩበት። ጥያቄውን የምታውቅ ልጅ ማሽኑን ስለማታውቅ ደቂቃ ብታባክን ጥፋቱ የማነው?

ስለዚህ የዛሬው ጽሑፍ ስለ ታዳሽ ኃይል ነው ስላችሁ ስለ በረዶ መቅለጥና ስለ ዓለም አቀፍ ጉባኤ የማወራ እንዳይመስላችሁ። የማወራው አንድ የገጠር ትምህርት ቤት እንዴት መብራት እንደሚያገኝ፣ ያገኘውንም እንዴት እንደማያባክን ነው። ኢኮኖሚክስ ስላጠናሁ ሒሳብ ይበዛል፤ ታገሡኝ። መደመርና ማባዛት ብቻ ነው።

የዓባይ ልጅ ውኃ ጠማው

ይሄ ተረት ለእኛ አካባቢ የተሠራ ይመስላል። ጣና ከደጃችን ነው። ጉማራና ርብ ሜዳችንን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ዓባይ ከዚያው ከጣና ይወጣል። ጢስ ዓባይ ላይ ተርባይን መዞር የጀመረው በንጉሡ ዘመን ነው። በ2002 ዓ.ም የተመረቀው ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፣ የሚጠቀመውም የጣናን ውኃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ሁላችንም ቦንድ ገዝተናል፣ ሁላችንም ጨፍረናል።

ታዲያ ትምህርት ቤቱ ለምን ይጨልማል? ማመንጨትና ማድረስ ሁለት የተለያየ ሥራ ስለሆነ። ግድቡ ላይ የመነጨ ኃይል አንድ የፎገራ ቀበሌ እስኪደርስ ከፍተኛ መስመር፣ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ መካከለኛ መስመር፣ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶ፣ ቆጣሪ ያስፈልገዋል። አንዱ ሲጎድል ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ወረታ ከተማ መስመሩ አለ፤ ችግሩ መቆራረጥ ነው። ወደ ሜዳው ገባ ስትሉ ደግሞ ምሰሶው ራሱ ያልደረሰባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ።

መንግሥትም ይሄን ያውቃል። በ2011 ዓ.ም ይፋ የሆነው ሁለተኛው የብሔራዊ ኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ያስቀመጠው ዕቅድ 65 በመቶውን ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ ከመስመር ውጭ በሆኑ እንደ ፀሐይ ባሉ አማራጮች ማዳረስ ነበር። መጋቢት 2013 ዓ.ም የዓለም ባንክ ያጸደቀው የ500 ሚሊዮን ዶላር ፕሮጀክትም ከቤቶች በተጨማሪ ጤና ጣቢያዎችንና ትምህርት ቤቶችን በፀሐይ ኃይል ማብራትን ያካትታል። ስለዚህ «ሶላር ለትምህርት ቤት» የሕልም ሐሳብ አይደለም፤ ወረቀት ላይ ያለ ነገር ነው። ወረታ ዙሪያ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ዕድሉ ሲመጣ ምን ብሎ ይጠይቃል? ስንት ፓኔል? ለምን? ሒሳቡን ካልሠራ የተሰጠውን ይቀበላል። የተሰጠው ደግሞ ሁልጊዜ ልኩ አይሆንም።

ሒሳቡ

እንግዲህ አንድ ትምህርት ቤት አስቡ። አሥር መማሪያ ክፍልና አንድ የኮምፒዩተር ክፍል አለው። በየክፍሉ አራት ባለ 40 ዋት ረጃጅም አምፖል (ፍሎረሰንት የምንለው) አለ። ማታ ለሦስት ሰዓት ጥናት ይበራል። የኮምፒዩተር ክፍሉ 20 ዴስክቶፕ አለው፤ እያንዳንዱ ከነስክሪኑ 150 ዋት ይበላል እንበል፣ በቀን አምስት ሰዓት ይሠራል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የወሰድኳቸው ናቸው፤ እናንተ የትምህርት ቤታችሁን አስገቡበት።

አምፖሎቹ፦ 40 አምፖል በ40 ዋት በ3 ሰዓት፣ 4.8 ኪሎ ዋት ሰዓት።
ኮምፒዩተሮቹ፦ 20 በ150 ዋት በ5 ሰዓት፣ 15 ኪሎ ዋት ሰዓት።
ድምር፦ በቀን 19.8 ኪሎ ዋት ሰዓት።

አሁን ወደ ጣራው እንውጣ። በአገራችን አንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ በቀን በአማካይ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ የፀሐይ ኃይል ያርፋል። በሽቦ፣ በሙቀት፣ በአቧራና በኢንቨርተር የሚባክነውን ሩብ ቀንሱ። አንድ ባለ 550 ዋት ፓኔል በቀን 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ትንሽ አለፍ ያለ ይሰጣል። 19.8ን ለዚህ ስታካፍሉ አሥር ፓኔል ይወጣል። ማታ ለሚበራው 4.8 ደግሞ ባትሪ ያስፈልጋል። የተለመደው የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር ሁለት እጥፍ ይያዝለታል፤ ስምንት ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ባትሪ ማለት ነው።

አሥር ፓኔል፣ ስምንት ባትሪ፣ ትልቅ ኢንቨርተር። ርዕሰ መምህሩ ዋጋ ይጠይቃሉ፣ ይደነግጣሉ፣ ፋይሉ ይዘጋል። ብዙ ጊዜ ታሪኩ እዚህ ያልቃል።

አንድ ነገር እንቀይር። ፓኔል ከመግዛታችን በፊት አጠቃቀሙን እንይ። ፍሎረሰንቱን በባለ 18 ዋት ኤልኢዲ ተኩት፤ ብርሃኑ አይቀንስም። ማታ አሥሩም ክፍል መብራት አያስፈልገውም፤ የሚያጠናው ተማሪ አራት ክፍል ይበቃዋል። 16 አምፖል በ18 ዋት በ3 ሰዓት፣ 0.86 ኪሎ ዋት ሰዓት። ዴስክቶፑን በ40 ዋት ላፕቶፕ ስትተኩ 15 የነበረው 4 ይሆናል። ድምሩ 4.9 ገደማ ነው።

ፓኔሉ ከአሥር ወደ ሦስት ወረደ፤ ሦስቱም ትርፍ አላቸው። ባትሪው ከስምንት ወደ ሁለት ወረደ። ላፕቶፕ ደግሞ የራሱ ባትሪ ስላለው ደመና ሲያልፍ አይጠፋም። ዴስክቶፕ ላይ ግን ግማሽ ገጽ ጽፈህ መብራት ሲሄድ ያለውን ስሜት የሚያውቅ ያውቀዋል።

ለዚህ ነው «መጀመሪያ ቆጥብ፣ ከዚያ አመንጭ» የምለው። የሚቆጠበው አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ከሚመነጨው ይረክሳል። ይሄ ለአገራችን አዲስ ነገርም አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ የመብራት ፈረቃ በነበረበት ሰሞን፣ መብራት ኃይል ኃይል ቆጣቢ አምፖል በሚሊዮን ቁጥር አስመጥቶ ሕዝቡ ባለ ክሩን አምፖል እንዲቀይር አድርጎ ነበር። ያኔ ልጅ የነበርን ያቺን እንደ ጠመዝማዛ አንጀት የምትመስል አምፖል እናስታውሳታለን። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ አዲስ ጣቢያ ከመገንባት አምፖል መቀየር ይፈጥናል።

ቀን ላይ አምፖል ማብራት ለምን አስፈለገ?

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ከቀኑ አራት ሰዓት፣ ውጭ ፀሐዩ ዓይን ያጠፋል፣ ክፍሉ ውስጥ ግን የኋላ ወንበር ላይ ያለ ልጅ ደብተሩ አይታየውም። መስኮቱ ትንሽ ነው፣ ግድግዳው በጭስና በእጅ ጠቁሯል፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው። መብራት ቢኖር ቀን ላይ እናበራለን። ይሄ የኃይል እጥረት ሳይሆን የሕንፃ ችግር ነው።

መፍትሔው ከሶላር በፊት ይመጣል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። ግድግዳውን ከውስጥ ነጭ ኖራ ወይም ቀለም ቀቡት፤ የሚገባው ብርሃን ተንጸባርቆ ይባዛል። ከጣራው ላይ አንድ ሁለት ቆርቆሮ አንሱና ብርሃን በሚያስገባ ፕላስቲክ ቆርቆሮ ተኩት፤ እህል መጋዘን ላይ ሲደረግ ሁላችንም አይተናል። ከዚያም ያነሰ ከፈለጋችሁ በ2002 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አልፍሬዶ ሞዘር የተባለ ብራዚላዊ መካኒክ ያሰበው አለ፦ ባለ ሁለት ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ውኃና ትንሽ በረኪና ሞልቶ ጣራ ቀዶ መትከል። በረኪናው ውኃው እንዳይሻግት ነው። ፀሐይ ባለበት ሰዓት ከ40 እስከ 60 ዋት አምፖል ያህል ያበራል። ቆጣሪ የለውም፣ አይቃጠልም። ዙሪያው በደንብ ካልታሸገ ግን ክረምት ላይ ያፈሳል፤ እሱን አትርሱ።

ሙቀቱስ? የካቲትና መጋቢት ላይ የፎገራን የቆርቆሮ ክፍል የሚያውቅ ሰው ስድስት ሰዓት ላይ አንጎል እንደሚቆም ያውቃል። ቬንትሌተር ከመግዛት በፊት ዲየቤዶ ፍራንሲስ ኬሬን እንይ። ይህ የቡርኪና ፋሶ ሰው በልጅነቱ የተማረው ጨለማና ሙቀት ባለበት ክፍል ነው። አድጎ አርክቴክት ሲሆን ለተወለደበት ለጋንዶ መንደር ትምህርት ቤት ሠራ፤ በ2001 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተጠናቀቀ። ግድግዳው የአካባቢው ሸክላ አፈር ነው፤ የቆርቆሮውን ጣራ ግን ከኮርኒሱ ከፍ አድርጎ አንሥቶ በመሐል ነፋስ እንዲያልፍ አደረገ። ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው በመስኮት ይገባል። ኤሌክትሪክ የለበትም። ሥራው በ2004 የአጋ ኻን የአርክቴክቸር ሽልማትን አገኘ፤ እሱም በ2022 በሙያው ትልቁን የፕሪትዝከር ሽልማት በመውሰድ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ።

እኛ ሙሉ ሕንፃ አፍርሰን ባንሠራም ኮርኒስ ማስገባት፣ ከግድግዳው በላይ የአየር መውጫ መተው፣ በምዕራብ በኩል ዛፍ መትከል እንችላለን። ፓኔሉም ራሱ ያግዛል፤ ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ለጣራው ጥላ ይሆናል።

የፎገራ ፀሐይ ጸባይ

ሶላር ስትሉ ብዙ ሰው የሚያነሳው ጥያቄ «ክረምትስ?» የሚል ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማያችን ይዘጋል፣ የፓኔል ምርትም ይወርዳል። ግን አስቡት፦ ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው! ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ ተማሪው ክፍል ባለበት ጊዜ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። የፎገራ ፀሐይና የትምህርት ካላንደር ተመካክረው የተሠሩ ይመስላሉ። በቀንም ቢሆን ትምህርት ጠዋት ሁለት ሰዓት ይጀምራል፣ ከሰዓት በኋላ ያልቃል፤ ፀሐይም ያኔ ነው የምትሠራው።

ለገጣሚው ባለሙያ የምትነግሩት አራት ነገር ልስጣችሁ።

አንደኛ፣ ወረታ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ አካባቢ ናት። ፓኔሉ ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ዘንበል ይበል። ያቺ ዘንበል ማለት ዝናብ ሲመጣ አቧራውን አጥቦ እንዲወርድም ታደርጋለች።

ሁለተኛ፣ ፓኔል ፀሐይ እንጂ ሙቀት አይወድም። ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከምርቱ 0.4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቆርቆሮው ላይ ተለጥፎ ከተሰቀለ ይጠበሳል። ክፍተቱ ለእሱም ነው።

ሦስተኛ፣ በጋ ላይ የሜዳው አቧራ ቀላል አይደለም። በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት በማለዳ በውኃና በለስላሳ ጨርቅ ማበስ ያስፈልጋል። የሳይንስ ክበብ ሥራ ይሁን።

አራተኛ፣ ጎርፍ። በ1998 ዓ.ም ክረምት ፎገራና ደምቢያ ምን እንደሆኑ ታላላቆቻችንን ጠይቁ። ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ሐይቅ ይሆናል። ስለዚህ ባትሪና ኢንቨርተር ወለል ላይ አይቀመጥም፤ ጎርፉ ከደረሰበት ምልክት በላይ መደርደሪያ ይሠራለታል። ሌላ አገር ያለ ማኑዋል ይሄን አይነግራችሁም፤ እናንተ ናችሁ የምታውቁት።

ፍል ውኃው፣ የሩዝ ቅርፊቱና ምድጃው

«ወንዛዬ ፍል ውኃ አለን አይደል፣ ለምን ከሱ መብራት አናወጣም?» ያለኝ ጓደኛ አለኝ። ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሰው የሚታጠብበት ውኃና ተርባይን የሚያዞር እንፋሎት ይለያያሉ። አሉቶ ላንጋኖ ላይ የከርሰ ምድር እንፋሎት ለማግኘት በጥልቀት መቆፈር አስፈልጓል። ወንዛዬ ለወገብ ሕመም ትሁንልን።

ከፍል ውኃው ይልቅ ዓይኔ ያረፈው ወረታ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች ደጅ ላይ ነው። ሩዝ ሲፈለፈል ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ገደማው ቅርፊት ነው። በደርግ ጊዜ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ የተጀመረው ሩዝ ዛሬ የፎገራ መታወቂያ ሆኗል፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ያለው እዚሁ ወረታ ነው። ሕንድ ውስጥ በቢሃር ግዛት ሐስክ ፓወር የሚባል ድርጅት በ2007 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይህንኑ ቅርፊት ወደ ጋዝ ቀይሮ ጄኔሬተር በማዞር መንደሮችን ማብራት ጀምሯል። ይሄ ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ይከብዳል፤ ማሽን፣ ጠጋኝና ቋሚ አቅርቦት ይፈልጋል። ለወፍጮ ባለቤቶች፣ ለከተማው አስተዳደርና ለምርምር ማዕከሉ ግን የቤት ሥራ ይሁን።

ለትምህርት ቤት የሚቀርበው ማዕድ ቤቱ ነው። ምገባ ባለበት ትምህርት ቤት ትልቁ የኃይል ወጪ አምፖል አይደለም፣ እንጨት ነው። በሦስት ጉልቻ የሚጋገር እንጀራ ጭሱ የምግብ አብሳዮቹን ዓይን፣ እንጨቱ ደግሞ ደኑን ይበላል። ከሲሚንቶና ከቀላል ድንጋይ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ የእንጨቱን ፍጆታ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ከብት ላለው ማኅበረሰብ ባዮጋዝም አለ፤ አማራ ክልል ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም ከተጀመረባቸው አራት ክልሎች አንዱ ነበር። የፎገራ ላም እያለን እበት አጣን ማለት አንችልም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለምን ይሞታል?

አሁን ወደ ዋናው ሕመም። አገራችን ከሶላር ጋር የተዋወቀችው ዛሬ አይደለም። በ1970ዎቹ በመካከለኛው ኢትዮጵያ 10.5 ኪሎ ዋት የሆነ የፀሐይ ጣቢያ 300 ቤተሰብ ያበራ ነበር፤ በዚያው ዘመን የገጠር ትምህርት ቤቶችን በሶላር ማብራትም ተጀምሮ ነበር። በእኔ ዕድሜ ያለን ደግሞ ፕላዝማን እናውቃለን። በ1997 ዓ.ም ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሲገባ ቴክኖሎጂው ትልቅ ነበር። መብራት ሲጠፋ ግን ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል፤ የሳተላይቱ መምህር ለማንም አይጠብቅም።

ነገሩ ሁሌ ተመሳሳይ ነው። ዕቃው በምርቃት ይመጣል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ሦስት አራት ዓመት ሲሞላ ባትሪው ይደክማል። ፓኔሉ 25 ዓመት ይሠራል፤ የእርሳስ ባትሪ ግን በደንብ ተይዞም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው። ባትሪ የሚገዛበት በጀት የለም። ስለዚህ ደህናው ፓኔል ጣራ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል።

በዚህ ረገድ ከራሳችን ክልል ጥሩ ትምህርት አለ። ሰሜን ሸዋ ያለችው ሬማ በ1990ዎቹ መጨረሻ በፀሐይ መብራት ስሟ የተጠራ መንደር ናት። ወሳኙ ነገር ፓኔሉ ብቻ አልነበረም። የሶላር ቴክኒሻን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት እዚያው ተከፈተ፤ ተጠቃሚውም ለጥገና በየወሩ ትንሽ ትንሽ እንዲከፍል ተደረገ። ጠጋኙ ከመንደሩ፣ ገንዘቡም ከመንደሩ። እድር እኮ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ሰው ከመሞቱ በፊት ነው የምንከፍለው። ለባትሪም እድር ያስፈልገዋል።

በቁጥር ላስቀምጠው። ሁለቱ ባትሪ በድምሩ 48,000 ብር ቢያወጡና አራት ዓመት ቢቆዩ፣ በወር 1,000 ብር ማስቀመጥ ማለት ነው (ዋጋው ለምሳሌ ነው)። ከየት ይመጣል? ከተረፈው ኃይል በቀን 20 ስልክ በ5 ብር ቻርጅ ብታደርጉ 100 ብር ነው። በወር 20 ቀን፣ 2,000 ብር። ለኃይሉ ከ0.3 ኪሎ ዋት ሰዓት አይበልጥም፤ ሦስቱ ፓኔሎች ይችሉታል። የቀረው 1,000 ብር ለዋጋ ንረቱ መጠባበቂያ ይሁን። ይህን የምለው በምክንያት ነው፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ባትሪም ኢንቨርተርም በዶላር ነው የሚመጣው። የዛሬ ዋጋ ይዞ የሚያጠራቅም ኮሚቴ ከአራት ዓመት በኋላ ግማሽ ባትሪ ነው የሚገዛው።

መስመር ያለውም «እኔን አይመለከተኝም» አይበል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ የሚሄድበት ማሻሻያ ተጀምሯል። ዛሬ የተቀየረ አምፖል ነገ የሚቆጥበው ብር ከዛሬው ይበልጣል።

«መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ይከፈት!»

ይሄን ጽሑፍ ለአንድ መምህር ወዳጄ ሳስነብበው እንዲህ አለኝ፦ «አንተ ስለ ኤልኢዲ ታወራለህ፤ በክልላችን እኮ በግጭት የተዘጋው ትምህርት ቤት ብዙ ነው። መጀመሪያ ልጆቹ ይመለሱ።»

እውነቱን ነው። ምንም ሒሳብ ይሄን አያልፈውም። ክፍል ያልገባ ልጅ ስለ ክፍሉ መብራት አይጨነቅም። ፓኔል ሰላም አያመጣም፤ ሰላም በሌለበትም ፓኔል ራሱ ጣራው ላይ አያድርም።

ግን ደግሞ የሚከፈተው ትምህርት ቤት ምን ዓይነት ይሁን የሚለውን ዛሬ ማሰብ አለብን። ልጆቹ የባከኑባቸው ዓመታት አሉ። እነዚያን ለማካካስ የማታ ጥናት፣ ተጨማሪ ክፍል፣ ከስልክና ከኮምፒዩተር የሚወርድ ትምህርት ያስፈልጋል። ሁሉም መብራት ይፈልጋል። ወደ ጨለማ ክፍል መመለስ ግማሽ መመለስ ነው።

እጃችሁ ላይ ያለው መሣሪያ

ይሄን የምታነቡት በስልክ ነው። ስለዚህ ስልኩን እናሠራው። ለበዓል አገር ቤት ስትሄዱ የተማራችሁበት ትምህርት ቤት ጎራ በሉ። አምፖሎቹን ቁጠሩ፣ ላያቸው ላይ የተጻፈውን ዋት ፎቶ አንሱ። በስልኩ ኮምፓስ የጣራው የትኛው ገጽ ወደ ደቡብ እንደሚያይ ለዩ። ዛፍ ወይም ሕንፃ በስንት ሰዓት ጥላ እንደሚጥል እዩ። ከቆጣሪው የዛሬን ንባብ ያዙ፣ ከሳምንት በኋላ ያለውን ደግሞ ጥበቃውን ወይም አንድ ተማሪ ጠይቁ። ክረምት ላይ ጎርፉ እስከ የት እንደደረሰ ግድግዳው ላይ ምልክት ካለ እሱንም አንሱ። ከዚያ ከላይ ያለውን ሒሳብ በስልኩ ካልኩሌተር ሥሩ።

አንድ ገጽ ይበቃል፦ አሁን የምንበላው ይህን ያህል፣ አምፖል ብንቀይር ይህን ያህል፣ የሚያስፈልገን ፓኔል ይህን ያህል፣ ባትሪው በወር ይህን ያህል ይቀመጥለታል። ይህች ገጽ በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ፣ በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ወይም ውጭ አገር ያሉ የትምህርት ቤቱ የቀድሞ ተማሪዎች ባሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ስትቀርብ ነገሩ ይለወጣል። «እርዱን» ከማለት «ሦስት ፓኔል ጎድሎናል፣ አምፖሉን እኛ ቀይረናል» ማለት ይሻላል።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም ጻፈችልኝ። የሳይንስ ክበቡ አምፖሎቹን ቆጥሯል። 38 ናቸው፤ 11ዱ የተቃጠሉ ናቸው። ሁለት ክፍል ደግሞ ራሳቸው ተማሪዎቹ ኖራ ቀብተዋል። «ኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ደብተሬ ይታየኛል» አለች። ኪቦርዱን ገና አልነካችም። ፈተናው ዓመት አይሞላውም።